አደይና ኮብልስቶን በድሪቶ ላይ

ጥያቄ፦ በመስከረም ጠዋት ጠዋት በሰፈሬ በእግሬ ስሄድ ያየሁትን አደይ አበባና የመንገዱን ኮብልስቶን በድሪቶ አልጋ ልብስ ላይ ለማውጣት ሞከርኩ። ስምንት ቢጫ የአበባ ቅጠል ቆርጬ ግራጫ ጨርቅ ላይ ሰፋሁ። ነገር ግን ከሩቅ ሲታይ አበባው አይለይም፤ መሐሉም አብጦ ቀርቷል። ምን ላድርግ? (አንባቢ፣ ከጉለሌ)

መልስ፦ አበባው የጠፋብዎ ግራጫው ከቢጫው እኩል ፈዛዛ ስለሆነ ነው። ድሪቶውን በስልክ ፎቶ ያንሱና ወደ ጥቁርና ነጭ ይቀይሩት፤ ሁለቱ ጨርቆች አንድ ዓይነት ከመሰሉ ከሩቅም ይደባለቃሉ። ኮብልስቶኑን ዝናብ ሲያርፍበት ልብ ብለው ይዩት። ሲደርቅ አመድማ የነበረው ባዛልት ሲረጥብ ወደ ጥቁር ይጠጋል፤ ለአደይ የሚስማማው ይህኛው ነው። ጠጋ ካሉ ደግሞ ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ ጋዝ ወጥቶ የተዋቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያገኛሉ። በጠቆረው ጨርቅ ላይ እነዚህን ቀዳዳዎች በግራጫ ክር እዚህም እዚያም በነጠብጣብ ቢያሳዩዋቸው በጣም ያምራሉ። የሰፉትን መፍታት ካልፈለጉ የአበባውን ዙሪያ በጥቁር ቡናማ ድርብ ክር ይክበቡት።

እብጠቱ የመጣው ከእጥፋቱ ነው። የቅጠሉ ጫፍ ከግራና ከቀኝ ሲታጠፍ ሦስት ድርብ ይሆናል፤ ስምንቱ መሐል ላይ ሲደራረቡ ሃያ አራት! ስለዚህ ጫፎቹን ከመሐሉ 5 ሚሊ ሜትር አሳጥረው ይቁረጡ፤ የጎኑንም እጥፋት መሐሉን ከሚሸፍነው ክብ ጨርቅ ጠርዝ ትንሽ ወደ ውስጥ አለፍ እንዳለ ያቁሙት። ያልታጠፈውን በዚሁ ክብ ጨርቅ ይሸፍኑት። ለ3 ሳንቲ ሜትር ክብ 4.2 ሳንቲ ሜትር ይቁረጡ፤ ጠርዙን ዙሪያውን በሰፊው ሸልለው በ3 ሳንቲ ሜትር ካርቶን ላይ ክሩን ይሳቡ፣ በካውያ ይተኩሱ፣ ካርቶኑን አውጥተው ይስፉት።

ለድንጋዮቹ፣ ተሰፍቶ 10 ሳንቲ ሜትር እንዲወጣ 11.2 ይቁረጡ፤ በየጎኑ 6 ሚሊ ሜትር ለስፌት ነው። ስፌትዎ በየጎኑ ከዚህ በ1 ሚሊ ሜትር ቢበልጥ በ15 ድንጋይ ረድፍ 3 ሳንቲ ሜትር ይጎድላል፤ ረድፎቹም አይገጥሙም። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ይለጠጣልና ሁልጊዜ በክሩ አቅጣጫ ይቁረጡ።

ጥቁሩን ጨርቅ ከመቁረጥዎ በፊት ይጠቡት። ከዚያ ርጥቡን በነጭ ጨርቅ ይፈትጉት፤ ቀለም ከለቀቀ ደግመው ይጠቡት፣ አለበለዚያ በመጀመሪያው አጠባ ቢጫውን ያቆሽሽብዎታል።