«የለም» ከማለታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ሊጠይቀኝ መጣ። 26 ዓመቱ ነው። ደህና ሥራ አለው፣ ጓደኞች አሉት፣ ጤነኛ ነው። ሻይ እየጠጣን ሳለ ድንገት፣ «ጋሼ፣ ምንም ነገር ደስ አይለኝም እኮ» አለኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። «አይዞህ፣ ያልፋል» አልኩትና ስለ ኳስ ማውራት ጀመርን። ከሄደ በኋላ ግን ንግግሩ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ያን ቀን ልነግረው ይገባኝ የነበረውን አሁን እጽፋለሁ። ለእሱም፣ እንደሱ ለሆናችሁም።

35 ዓመት የሠራሁት በላቦራቶሪ ነው። አብዛኛውን ጊዜዬን ያሳለፍኩት ወባ ስፈልግ ነው። ከበሽተኛው ጣት ጠብታ ደም ይወሰዳል። ስላይድ ላይ ይደረጋል፣ ይደርቃል፣ ጊምሳ በሚባል ቀለም ይቀለማል። ከዚያ ዘይት ጠብ አድርገን በ100ው ሌንስ እናየዋለን። ማይክሮስኮፑ 1,000 ጊዜ ስለሚያጎላ በአንድ ጊዜ የሚታየው እጅግ ጠባብ ቦታ ነው። እኛ «ፊልድ» እንለዋለን። የመጀመሪያውን ፊልድ ታያላችሁ፤ ምንም የለም። ሁለተኛውም ባዶ ነው። አሥረኛውም ባዶ። የደከመ ሰው እዚህ ላይ «ወባ የለም» ብሎ ጽፎ መነሳት ያምረዋል። ግን አይፈቀድም። ደንቡ፣ ቢያንስ 100 ፊልድ ሳታይ «የለም» አትበል ይላል። 70ኛው ላይ፣ 85ኛው ላይ ስንቴ አግኝቻታለሁ! አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ቀለበት፣ ጫፏ ላይ ቀይ ነጥብ።

የእህቴ ልጅ «ምንም ነገር ደስ አይለኝም» ሲል ይህን ነበር ልጠይቀው የሚገባኝ። ስንት ፊልድ አየህ?

ይህን ለመጠየቅ ግን እኔም ማፈር ነበረብኝ። በሥራዬ 100 ሳልሞላ ተነስቼ አላውቅም። በኑሮዬ ግን አሥር እንኳ ሳላይ ነው «የለም» ያልኩት።

ከሥራ ዘመኔ 11 ዓመቱን አርባ ምንጭ ነበርኩ። ባለቤቴ አስተማሪ ስለሆነች ከልጃችን ጋር አዲስ አበባ ቀረች። አርባ ምንጭን ያያችሁ ታውቃላችሁ። ከላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ስታዩ ሁለት ሐይቅ ጎን ለጎን ተኝቷል። አባያ ደፍርሶ ወደ ቀይ ያደላ ነው፤ ጫሞ ሰማያዊ ነው። በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባል ቀጭን መሬት አለ። ከታች ጫካው ውስጥ ለከተማዋ ስሟን የሰጧት ምንጮች ይፈልቃሉ። ሰው ይህን ለማየት ከስንት አገር ይመጣል። እኔ በ11 ዓመት ውስጥ ምንጮቹ ጋ የወረድኩት ሁለት ጊዜ ነው። አንዱን ጊዜ እንግዳ ላሳይ ብዬ ነው። «ዝውውሬ ይለቅ እንጂ፣ ከቤተሰቤ ጋር ልሁን እንጂ፣ ያኔ ዘና እላለሁ» እል ነበር። ሐይቆቹ በየቀኑ ዓይኔ ሥር ነበሩ። አላየኋቸውም።

አከራዬ እናቴ የሚሆኑ ሴት ነበሩ። ተረኛ ሆኜ ሳመሽ በሬ ላይ ካለችው ዱካ ላይ የተከደነ ሰሃን አገኛለሁ። የሽፈራው ቅጠል በኩርኩፋ፣ በዚያ አገር የበቆሎ ዱቄት ድብልብል። ብዙ ጊዜ ቀዝቅዞ ነው የማገኘው። ቆሜ እበላና እተኛለሁ። ጠዋት ሰሃኑን አጥቤ እመልሳለሁ፤ «እግዜር ይስጥልኝ እማማ» እላለሁ። በቃ። አንድም ቀን አብሬያቸው ተቀምጬ አልበላሁም። እንዴት እንደሚሠራ አልጠየቅኳቸውም። እሳቸው ግን እንቅልፋቸውን ሳይተኙ በር እስኪንኳኳ ይጠብቁኝ እንደነበር የገባኝ ከተዛወርኩ በኋላ ነው። አሁን ያ ጣዕም ሲያምረኝ የምጠይቃቸው የሉም።

ሌላም አለ። ወባ የምትበረታው ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ ከመስከረም ጀምሮ እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ። ውሃ ያቆረበት ሁሉ የወባ ትንኝ ይፈለፈልበታል። ስለዚህ አዲስ ዓመት ለእኔ ዋናው የሥራ ወቅት ነበር። ሰዉ እንቁጣጣሽ ሲል እኔ የስላይድ ክምር ፊት ነኝ። አንድ ዓመት፣ ኅዳር ላይ ፈቃድ አግኝቼ ቤት ገባሁ። ልጄ ደብተሯን ይዛ እየሮጠች መጣች። ሰባት ዓመቷ ነው። ገልጣ አሳየችኝ። ገጹ መሀል ላይ አንዲት አደይ አበባ በፕላስተር ተለጥፋለች። «አባዬ፣ ላንተ ነው ያስቀመጥኳት» አለችኝ። ቢጫው ጠፍቶ ቡናማ ሆኗል። ያን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ ተጉዤ መግባቴ ነው፣ ደክሞኛል። «ደርቃለች እኮ የኔ ልጅ» አልኳትና ጫማዬን ማውለቅ ጀመርኩ። ደብተሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ፊቷ እስከ ዛሬ ይታየኛል።

ማይክሮስኮፕ ሥር አንዲት ነጥብ የማታመልጠኝ ሰው፣ ቤቴ ውስጥ አበባ አመለጠችኝ።

60 ሞልቶኝ ጡረታ ስወጣ ባለቤቴ ገና ሥራ ላይ ነበረች። ቀኑን ብቻዬን መዋል ጀመርኩ። የጠበቅኩት «ያኔ» ደረሰ፤ እኔ ግን ምን እንደማደርግበት አላውቅም። ቴሌቪዥን አያለሁ፣ እተኛለሁ፣ ስልኬን እነካካለሁ። አንድ ቀን ርቦኝ ሽሮ ልሥራ ብዬ ተነሳሁ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ውሃ ጣድኩ። ሲፈላ ሽሮውን ባንዴ ዘረገፍኩበት። ጓጎለ። ውስጡ ዱቄት፣ ውጪው ሊጥ ሆነ። ማታ ባለቤቴ ስትገባ ድስቱን ከድና አየችኝ። አልሳቀችም። «ነገ አብረን እንሠራዋለን» አለች።

ያስተማረችኝን ላስተምራችሁ። ሽንኩርቱን አድቅቃችሁ ክተፉ። መጀመሪያ ዘይት አታድርጉበት፤ በራሱ ውሃ፣ በትንሽ እሳት፣ እያማሰላችሁ አቁላሉት። ቀላ ሲል ዘይት ጨምሩ። ነጭ ሽንኩርት ጣል አድርጉ። በርበሬ የምትወዱ ከሆነ ጊዜው አሁን ነው፤ እንዳያርርባችሁ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ። ቀጥሎ ውሃውን ጨምሩ። መንተክተክ ሲጀምር ሽሮውን በአንድ እጃችሁ እየነሰነሳችሁ በሌላው አማስሉ። መጀመሪያ ቀጥኖ ታዩታላችሁ። የተበላሸ ይመስላችኋል። ሽሮ አትጨምሩበት፣ ተዉት። እሳቱን ቀንሱና ጠብቁ። ቀስ በቀስ ድምፁ ይለወጣል። የውሃ ድምፅ የነበረው ይወፍራል። ተክ... ተክ... ተክ። ዘይቱ ከላይ ብቅ ሲል በስሏል። ቃሪያ ሰንጥቃችሁ አውርዱት።

የላቦራቶሪ ሰው ነኝና አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተሠራች ከተማ ናት። እዚህ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። ባቄላውም ክኩም ለመብሰል ጊዜ የሚፈጀው ለዚህ ነው። ከፈላ በኋላ እሳቱን ብታበዙት ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይግልም። ስለዚህ ምድጃ ፊት የቸኮለ ሰው ያሳርራል እንጂ አያበስልም። እኔ ሕይወቴን ሙሉ ቸኩያለሁ። ያ ድስት ፊት ስቆም ግን እጄ ማማሰያውን ይይዛል፣ ጆሮዬ ድምፁን ይጠብቃል፣ ሐሳቤም እዚያው ይሰበሰባል። ስልክ ላይ ሦስት ሰዓት ተጥጄ ይህን ዕረፍት አግኝቼው አላውቅም። እናንተም የምታገኙት አይመስለኝም።

ኑሮ እንደተወደደ አላጣሁትም። ሽንኩርት ስንት እንደገባ እኔም ዘንቢል ይዤ ወጥቼ አያለሁ። ደመወዛችሁ ለቤት ኪራይና ለትራንስፖርት እንደሚያልቅ ልጆቻችን ይነግሩናል። «ባለው አመስግኑና ዝም በሉ» የሚል ምክር ከእኔ አትሰሙም። ለሚገባችሁ ደመወዝ ተከራከሩ፣ የተሻለ ፈልጉ። ግን ኑሮ እስኪስተካከል ድረስ ደስታን ቀጠሮ አትስጡት። ሥራ ሳገኝ፣ ቤት ሲደርሰኝ፣ ሳገባ፣ ቪዛው ሲመጣ አትበሉት። እኔ ቀጠሮ ሰጥቼው 60 ዓመቴ ላይ ነው የተገናኘነው።

ተፈጥሮን ለማየትም ላንጋኖ መውረድ የለባችሁም። ጊዜና የታክሲ ሳንቲም ካላችሁ እንጦጦ አለ። ጉለሌ የእፅዋት ማዕከልም 705 ሄክታር ላይ ተንጣሎ እዚያው ከተማው ውስጥ አለ። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን የመጣ እንግዳ ነው፤ ጽዱን፣ ወይራውን፣ ኮሶውን ለይታችሁ ለማወቅ ሞክሩ። የዛፍ ስም ማወቅ የሰው ስም እንደማወቅ ነው፤ በማግስቱ ስታልፉ ሰላም የምትሉት ታገኛላችሁ። እኔ ግን ብዙውን ጊዜ ከኮንዶሚኒየሙ በረንዳ አልፌ አልሄድም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጋጋኖዎች እየጮኹ ሰማዩን ያቋርጣሉ። ድምፃቸው ሻካራ ነው፤ ብዙ ሰው ይረበሽበታል። ያ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ በዱር እንደማይገኝ ካወቅኩ ወዲህ ግን ጩኸቱን ስሰማ ቀና ብዬ አየዋለሁ። በረንዳው ላይ የዘይት ጀሪካን ቆርጬ ጤና አዳምና በሶብላ ተክያለሁ። አፈር እጄን ሲነካው ደስ ይለኛል። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ጤና አዳሙ ለባለቤቴ ቡና ነው። አሁን ጠዋት ጠዋት ቀድሜያት የምነሳው እኔ ነኝ። ጀበናውን እጥዳለሁ። ሲገነፍል አንድ ቅጠል ቀጥፌ ሲኒዋ ውስጥ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ቡናዬ ወይ ይቀጥናል ወይ አተላው ይወርዳል። አንድም ቀን ሳትጠጣው ቀርታ አታውቅም። ሁልጊዜ «እጅህ ይባረክ» ትላለች። እሷ ያን ሁሉ ዓመት ስታፈላልኝ እኔ «ጣፍጧል» ማለትን አላውቅበትም ነበር። ይህን ስታነቡ አጠገባችሁ ምግብ የሠራላችሁ ሰው ካለ፣ አሁኑኑ ሄዳችሁ ንገሩት። እናታችሁ ክፍለ ሀገር ከሆነች ደውሉላት። ብር ስለ መላክ አታውሩ። «ዛሬ ምን በላሽ?» በሏት። ስትዘረዝርላችሁ ስሟት።

ውሃ ሲጠፋ አራተኛ ፎቅ ላሉት አሮጊት አንድ ጀሪካን ይዞ መውጣት አምስት ደቂቃ ነው። ጉርሻም እንዲሁ ነው። አባቶቻችን «አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ጉርሻ ያቃቅራል፣ ሦስት ጉርሻ ያፋቅራል» ሲሉ ሦስቱንም ጊዜ እጅን መዘርጋት ያስፈልጋል ማለታቸው ይመስለኛል። የመጀመሪያዋ ብዙ ጊዜ ታሳፍራለች። አጉርሱ።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር፤ የጤና ባለሙያ ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አይገባኝም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ከከፋችሁ፣ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካላችሁ፣ መኖር ካስጠላችሁ፣ ያኔ ሽሮ መሥራት ብቻውን አይበቃም። ሐኪም ጋ ሂዱ። ድብርት ሕክምና ያለው በሽታ ነው። ለቅርብ ሰው ንገሩ፣ ብቻችሁን አትሁኑ። ለእህቴ ልጅም ደውዬ ይህንኑ ጠይቄዋለሁ። እሁድ እንዲመጣ ተስማምተናል። ሽንኩርቱን የሚከትፈው እሱ ነው።

ልጄ አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች። የምትኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለፈው ቅዳሜ፣ እዚያ እኩለ ቀን እዚህ ምሽት 1 ሰዓት ሲሆን፣ በቪዲዮ ደወለች። ስልኩን ምድጃው አጠገብ አቁማ ሽሮ እየሠራች ነው። ዱቄቱን እናቷ የላከችላት ነው።

«አባዬ፣ ቀጠነብኝ» አለች።

«ተይው» አልኳት።

ዝም ብለን ጠበቅን። በመሀል ያች ደብተር ትዝ አለችኝ። ስንት ዓመት በሆዴ ይዣት ኖርኩ። ነገርኳት። አበባዋን፣ ያልኳትን፣ ጫማዬን ሳወልቅ ፊቷ እንዴት እንደነበረ። ይቅርታም ጠየቅኳት። ለጥቂት ጊዜ መልስ አልሰጠችኝም። ማማሰያዋን ስታዞር ብቻ አያታለሁ። ከዚያ ስልኩን አንስታ ወደ ድስቱ አስጠጋችው።

«አባዬ፣ ስማ እስቲ» አለችኝ። «ተክ ተክ ማለት ጀመረ።»