ኖራ ቡናን ከድርቅ ያድናል?

ጥያቄ፦ ጅማ አካባቢ አነስተኛ የቡና እርሻ አለኝ። በበጋ እኩለ ቀን ላይ ጥላ የሌላቸው ቡናዎች ቅጠላቸው ይጠወልግና አመሻሽ ላይ ይመለሳል። ልጄ «የቅጠል ቀዳዳዎችን የሚያዘጋው ካልሲየም ነው» አለችኝ። ታዲያ ለአሲዳማ አፈር የምንጠቀምበትን፣ ካልሲየም ያለበትን ኖራ ብጨምር ቡናዬ ድርቅን ይቋቋማል?
አንድ የቡና አልሚ፣ ከጅማ

ምላሽ፦ ልጅዎ ትክክል ናት፤ ኖራው ግን ለዚህ አይረዳዎትም። እዚህ ላይ ካልሲየም የሚሠራው እንደ ምግብ ሳይሆን እንደ መልእክት ነውና።

የቡና ቅጠል ቀዳዳዎች የሚገኙት በታችኛው ገጽ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው በሁለት ጠባቂ ህዋሳት መካከል ያሉ ክፍተቶች ናቸው። ህዋሳቱ ውኃ ሞልተው ሲወጠሩ ቀዳዳው ይከፈታል፣ ሲላሉ ይዘጋል። በህዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ያለው ነፃ ካልሲየም በተለመደው ጊዜ እጅግ ጥቂት (100 ናኖሞላር ገደማ) ብቻ ነው፤ ከህዋሱ ውጭና ቫኪዩል በተባለው ከረጢት ውስጥ ያለው ግን ከዚህ በሺዎች እጥፍ ይበልጣል። ህዋሱ ይህን ልዩነት የሚጠብቀው ኃይል እያወጣ ካልሲየሙን ያለማቋረጥ በማስወጣት ነው።

አፈሩ ሲደርቅ አብሲሲክ አሲድ የተባለው ሆርሞን በቅጠሉ ይበዛል፤ ጠባቂ ህዋሳቱም በዚህ ተቀስቅሰው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ያመነጫሉ፣ እሱም በሽፋናቸው ላይ ያሉትን የካልሲየም ቻናሎች (መተላለፊያ በሮች) ይከፍታል። ካልሲየሙ ሲገባ ክሎራይድን የመሳሰሉ አዮኖች (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች) የሚወጡባቸው ቻናሎች ይከፈታሉ፣ ፖታሲየም ይከተላል፣ ውኃውም አብሮ ይወጣና ህዋሱ ይላላል። እጅግ የሚያስደንቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ለምርምር በብዛት በሚውለው ትንሽ ተክል፣ በአረቢዶፕሲስ ላይ የታየው ነው፦ ካልሲየሙ በየደቂቃዎቹ ከፍና ዝቅ የሚልበት ምት ቀዳዳው ምን ያህል ጊዜ ተዘግቶ እንደሚቆይ ይወስናል። ካልሲየምን ሳይጠብቅ የሚሠራ ሌላ የመዝጊያ መንገድም አለ።

ስለዚህ አፈር ላይ የሚበተን ካልሲየም ይህን መልእክት አይተካም። ኖራ የአፈርን አሲዳማነት ይቀንሳል፤ ይጨምሩ ወይስ አይጨምሩ የሚወስነው የአፈር ምርመራ ነው። ቀዳዳው ሲዘጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ስለማይገባ ቅጠሉ ስኳር መሥራቱን ይቀንሳልና፣ ተዘግቶ መዋሉ በራሱ ለቡናው ጥቅም አይደለም። ለእርስዎ ማሳ የምመክረው የጥላ ዛፍ መትከልን፣ ከቡናው ሥር ጉዝጓዝ ማልበስንና፣ ውኃ ካለ በማለዳ ማጠጣትን ነው።