የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የቴሉጉ የቀልድ ደራሲ ሙላፑዲ ቬንካታ ራማና

ጥያቄ፦ የህንድ ሥነ ጽሑፍ ሲነሣ የምንሰማው በአብዛኛው ስለ ቤንጋሊና ስለ ሂንዲ ጸሐፍት ነው። በደቡብ ህንድ በሚነገረው የቴሉጉ ቋንቋ አስቂኝ አጫጭር ልቦለዶችን የጻፈ፣ ሊታወቅ የሚገባው ደራሲ ካለ ስለ ሕይወቱና ስለ ሥራው ብትገልጹልን።

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2011 በተካሄደው የህንድ ሕዝብ ቆጠራ 81 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የአፍ መፍቻ ቋንቋችን ነው ያሉት ቴሉጉ፣ በቀልድ ጸሐፍት የታደለ ቋንቋ ነው። ካንታም የተባለችውን የቤት እመቤት የፈጠረው ሙኒማኒክያም ናራሲምሃ ራኦ ብቻውን ሌላ መልስ ይወጣዋል። ይሁን እንጂ አንድ ሰው ብቻ እንድንመርጥ ከተጠየቅን የምንመርጠው ሙላፑዲ ቬንካታ ራማናን ነው፤ የሚያስቀን ማንንም ሳያዋርድ ነውና።

ራማና በ1931 በጎዳቫሪ ወንዝ ዳር በምትገኘው በዳቫሌስዋራም ተወለደ። አባቱን በልጅነቱ በሞት በማጣቱ ቤተሰቡ ወደ ማድራስ፣ በዛሬ ስሟ ወደ ቼናይ፣ ተዛወረ፤ እናቱም በብዙ ችግር አሳደገችው። በዚያች ከተማ ሲማር የተዋወቀው ባፑ የተባለ ሥዕል ወዳድ ልጅ የዕድሜ ልክ ባልንጀራው ሆነ። የመጀመሪያ ጽሑፉ በ1945 «ባላ» በተባለ የልጆች መጽሔት ሲወጣ ገና 14 ዓመቱ ነበር። በኋላም «አንድራ ፓትሪካ» በተባለው ጋዜጣ ተቀጥሮ ሠራ፤ ዝናውን ያተረፈለት ቡዱጉ የተባለው ሕፃንም በ1950ዎቹ በዚሁ ተቋም ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ተወለደ።

ቡዱጉ ታሪኩን በራሱ አንደበት የሚናገር ትንሽ ልጅ ነው። ስሙን ሲያስተዋውቅ ሌላው ስሙ ፒዱጉ፣ ማለትም መብረቅ፣ እንደሆነ ይነግረናል። አያቱ፣ አጎቱ፣ ቤት እየመጣ የሚያስጠናው መምህር፣ ባለ ሁለት ጉንጉን ሲታ የምትባለው የጎረቤት ልጅ፣ ሁሉም በዚህ ልጅ ዓይን ይመዘናሉ። ትልልቆቹ ሰዎች የሚናገሩትን ቃል በቃል ስለሚያምን፣ ትልልቆቹ ደግሞ የሚናገሩትን እምብዛም ስለማያስቡበት፣ ሳቁ የሚፈልቀው ከዚህ ልዩነት ነው። የባፑ ሥዕሎች ለቡዱጉ መልክ ስለሰጡት የቴሉጉ አንባቢ ጽሑፉን ከሥዕሉ ለይቶ አያስታውስም።

ለእኛ ግን ከሁሉ የሚልቀው «ሩናናንዳ ላሃሪ» የተባለው የተበዳሪዎች ታሪክ ነው። ርእሱ ራሱ ጨዋታ ነው፦ የጥንቱ የሂንዱ ፈላስፋ አዲ ሻንካራ እንደደረሰው የሚነገረውና «የሺቫ ደስታ ማዕበል» የሚል ትርጉም ያለው የምስጋና ግጥም «ሺቫናንዳ ላሃሪ» ሲባል፣ ራማና የአምላኩን ስም አውጥቶ «ሩና»ን፣ ማለትም ዕዳን፣ በቦታው አስገባ። የዋና ገጸ ባሕርዩ የአፓ ራኦ ስምም «አፑ» ከሚለው፣ በቴሉጉ ብድር ማለት ከሆነው ቃል ጋር ይገጥማል። አፓ ራኦ መበደርን እንደ ጥበብ የያዘ ሰው ነው፤ ሆኖም ደራሲው እጅ ማጠርን በቤቱ ያየ በመሆኑ በተበዳሪው ላይ አይፈርድበትም፣ አበዳሪውንም ጭራቅ አያደርገውም። ስለ ገንዘብ እጦት ይህን ያህል እያሳቀ የሰውን ክብር የጠበቀ ጽሑፍ ብዙ አላጋጠመንም።

ጥያቄ፦ ራማና በፊልም ጸሐፊነቱም ይታወቃል ሲባል ሰምቻለሁ። ሥነ ጽሑፉን ትቶ ወደ ፊልም ሄደ ማለት ነው?

መልስ፦ ወደ ፊልም መሄዱ እውነት ነው፤ የጽሑፍ ችሎታውን ግን ይዞ ነው የሄደው። ባፑ በ1967 «ሳክሺ» በተባለው ፊልም ዳይሬክተርነትን ሲጀምር ታሪኩን የጻፈለት ራማና ነበር፤ «ባፑ ራማና» የሚለው ጥምር መጠሪያም ከዚያ ወዲህ እንደ አንድ ሰው ስም ይነገር ጀመር። የ1975ቱ «ሙትያላ ሙጉ» በተለይ ሊታይ የሚገባው በንግግሮቹ ነው። በዚያ ፊልም ተዋናይ ራኦ ጎፓል ራኦ የሚጫወተው ክፉ ኮንትራክተር ፀሐይ ስትወጣ ቀይ ሰማዩን አይቶ፣ እዚያ ላይ ሰው የተገደለ እንደሚመስል ይናገራል፤ ሰው በልቶ ከመተኛት ያለፈ ጥቂት የጥበብ ፍቅር ከሌለው ከከብት በምን ይለያል ብሎም ይጠይቃል። ይህን የሚለው ሰዋስው በጠበቀ ቴሉጉ ሳይሆን «ማኒሺ» የሚለውን፣ ሰው የሚል ትርጉም ያለውን ቃል እንኳ «ማዲሲ» እያለ በገጠር አነጋገር ነው። ጨካኙ ሰው ስለ ውበት በማይጠበቅ ለዛ ሲናገር ተመልካቹ እየሳቀ ይፈራዋል። የራማና ሥራ በሌላ ቋንቋ ለሚያነበው ሰው ግማሽ ኃይሉን የሚያጣውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የቡዱጉ የልጅ አፍና የኮንትራክተሩ አነጋገር ለተርጓሚ አይመቹምና።

በመጨረሻ ዘመኑ የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ «ኮቲ ኮማቺ» አለው፤ ልጆች እንደ ዝንጀሮ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለሉ የሚጫወቱት ጨዋታ ስም ነው። መጽሐፉም እንደ ስሙ የዘመን ቅደም ተከተልን ሳይከተል ከትዝታ ወደ ትዝታ ይዘላል፤ የእናቱን ድካም የሚያወሳባቸው ገጾች ግን ዝላዩን የሚያቆሙ ናቸው። ራማና በየካቲት 2011 በ79 ዓመቱ በቼናይ ሲያርፍ «ስሪ ራማ ራጅያም» የተባለው የመጨረሻ የፊልም ጽሑፉ ገና ለተመልካች አልደረሰም ነበር፤ ፊልሙን ባፑ አጠናቅቆ በዚያው ዓመት በኅዳር ለእይታ አበቃው። ባፑም በ2014 በዚያችው ከተማ አረፈ።