ሜይል ሎጉ የት ገባ? የአንባቢያን ጥያቄዎች

ትእዛዞችንና የፋይል ስሞችን እንደሚነበቡ ጽፈናቸዋል፤ ሲተይቡ በላቲን ፊደል ያስገቧቸው።

ጥያቄ፦ ዴቢያን 12ን (የሊኑክስ ዓይነት ነው) አዲስ ጭኜ የኢሜይል ሰርቨር ፕሮግራሙን ፖስትፊክስን አስነሣሁ። ኢሜይል ይወጣል፣ ይገባል። የኢሜይሉ መዝገብ (ሎጉ) «/ቫር/ሎግ/ሜይል.ሎግ» ግን የለም። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ምንም አላጠፉም። ከዴቢያን 12 ጀምሮ ሎግን ወደ ፋይል የሚጽፈው ፕሮግራም አርሲስሎግ ከሲስተሙ ጋር አብሮ አይጫንም፤ ሎጉ የሚገባው የሲስተሙ የራሱ መዝገብ ወደሆነው ወደ ሲስተምዲ ጆርናል ነው። «ጆርናልሲቲኤል -ዩ ፖስትፊክስ@-» ብለው ያዩታል። መጨረሻ ላይ ያለችውን «@-» ከዘነጉ ግን ባዶ ሊመስልዎት ይችላል፤ «ፖስትፊክስ» የሚባለው አገልግሎት ስሙን ብቻ የያዘ ነው፣ ሥራው ያለው በ«ፖስትፊክስ@-» ዘንድ ነው።

ለአነስተኛ ሰርቨር ይህ ይበቃል። ኢሜይል ለሚበዛበት ቢሮ ግን አርሲስሎግ እንዲጨመር እንመክራለን። ጆርናል የዲስክ ድርሻው ሲሞላ የሜይል ሎግዎን ከሌላው ሁሉ ጋር ደባልቆ ከአሮጌው ጀምሮ ይጥላል፤ ድርሻው ካልተቀየረ የፋይል ሲስተሙ 10 በመቶ፣ ቢበዛም 4 ጊጋባይት ነው።

«አፕት ኢንስቶል አርሲስሎግ» ካሉ በኋላ «/ኢቲሲ/አርሲስሎግ.ኮንፍ»ን ይክፈቱ። «ሜይል.*» የሚለው መስመር ወደ ሜይል.ሎግ ይልካል። ከፋይሉ ስም በፊት ያለችው ሰረዝ ድሮ «በእያንዳንዱ መስመር ዲስክ አትጠብቅ» ማለት ነበረች፤ አርሲስሎግ ዛሬ ካልታዘዘ በቀር አይጠብቅም፣ ስለዚህ ብትኖርም ባትኖርም ለውጥ የለውም። ሊነኩ የሚገባው ወደ ሲስሎግ ፋይል የሚጽፈውን መስመር ነው፦ «*.*;ኦውዝ,ኦውዝፕሪቭ.ነን» የሚለውን «*.*;ኦውዝ,ኦውዝፕሪቭ,ሜይል.ነን» ያድርጉት፤ አለዚያ እያንዳንዱ የኢሜይል መስመር ሁለት ቦታ ይጻፋል። «አርሲስሎግዲ -ኤን1» የሆሄ ስሕተት ካለ ያሳይዎታል። ከዚያ አርሲስሎግን እንደገና አስነሥተው «ሎገር -ፒ ሜይል.ኢንፎ ሙከራ» ይበሉና መስመሩ ፋይሉ ውስጥ መግባቱን ይዩ።

ሙከራው ገብቶ የኤስኤምቲፒዲ (ኢሜይል የሚቀበለው የፖስትፊክስ ክፍል) መስመሮች ብቻ ከቀሩ፣ ችግሩ ያለው ክሩት (ፕሮግራምን በአንድ ማውጫ ውስጥ መቆለፍ) ላይ ነው። በዴቢያን 12 ኤስኤምቲፒዲ «/ቫር/ስፑል/ፖስትፊክስ» ውስጥ ተቆልፎ ስለሚሠራ ውጭ ያለውን «/ዴቭ/ሎግ» አያየውም። አርሲስሎግ ለእርሱ ሲል ውስጥ ሌላ ሶኬት (የሎግ መቀበያ በር) ይከፍታል፤ ነገር ግን በሚነሣበት ሰዓት «/ቫር/ስፑል/ፖስትፊክስ/ዴቭ» የሚለው ማውጫ ከሌለ ሶኬቱን ሳይከፍት ያልፋል። ማውጫው መኖሩን አይተው አርሲስሎግን ደግመው ያስነሡ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ጆርናል ከአንድ አገልግሎት በ30 ሰከንድ ውስጥ ከ10000 መስመር በላይ ሲመጣበት ትርፉን ይጥላል (ባዶ የዲስክ ቦታ ሲበዛ ጣሪያው ከፍ ይላል)። አርሲስሎግም አብዛኛውን የሚቀበለው በጆርናል በኩል ነው። «ሰፕረስድ» የሚል መስመር ካዩ በ«/ኢቲሲ/ሲስተምዲ/ጆርናልዲ.ኮንፍ» ውስጥ «ሬትሊሚትበርስት=0» ይጻፉና ጆርናልዲን እንደገና ያስነሡ። የስፓም ጎርፍ በመጣ ቀን፣ ሎጉ በጣም በሚፈለግበት ቀን ማለት ነው፣ የሚጎድለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ደንበኛችን ከጠዋቱ 3 ሰዓት የላከው ኢሜይል እንዳልደረሰ ነገረን። ሎጉ ላይ በዚያ ሰዓት ምንም የለም።

መልስ፦ በመጀመሪያ ሰዓቱን ይመልሱ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በሰርቨር አቆጣጠር 09:00 ነው፤ ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ከሆነ ደግሞ 06:00። ከዚያ የላኪውን አድራሻ በ«ግሬፕ» ይፈልጉና የኪው መለያውን (ፖስትፊክስ ለእያንዳንዱ ኢሜይል የሚሰጠውን ኮድ) ይያዙ፤ በዚያው መለያ ደግመው ሲፈልጉ ኢሜይሉ ከገባበት እስከ «ሪሙቭድ» ድረስ ያለውን ሁሉ ያገኛሉ። አጭሩ መለያ ከጊዜ በኋላ ለሌላ ኢሜይል ሊደገም ስለሚችል በፖስትፊክስ ማስተካከያ ፋይል በሜይን.ሲኤፍ ውስጥ «ኢኔብል_ሎንግ_ኪው_አይዲስ = የስ» ያድርጉ።

መልሱ ያለው «ስቴተስ=» ላይ ነው። «ሰንት» ከ250 ጋር ካለ የተቀባዩ ሰርቨር ተረክቧል፤ ስፓም ውስጥ ከትቶት እንደሆነ የእርስዎ ሎግ አያውቅም። «ዲፈርድ» ከሆነ ፖስትፊክስ በየጊዜው እየሞከረ ነው፤ ካልተቀየረ በቀር 5 ቀን ሞክሮ ለላኪው ይመልሳል። «ዲሌይስ=» የሚለውን አይለፉት፦ አራት ቁጥር አለው፣ ሦስተኛው ዲኤንኤስን (የሰርቨሩን አድራሻ ፍለጋ) ጨምሮ ግንኙነት ለመክፈት የፈጀውን ጊዜ ይነግራል። እርሱ ትልቅ ከሆነ ከመስመርዎ ወይም ከዲኤንኤስዎ ይጀምሩ፤ አራተኛው ከሆነ ኢሜይሉ ራሱ ሲተላለፍ ነው የዘገየው።

ጥያቄ፦ ዲስኩ ስለሞላ ሜይል.ሎግን ደመሰስሁት። ቦታው ግን አልተለቀቀም።

መልስ፦ አርሲስሎግ ፋይሉን እንደከፈተ ነው፤ ስሙ ቢጠፋም ወደዚያው ይጽፋል። «ኤልሶፍ +ኤል1» ያሳይዎታል። «ሲስተምሲቲኤል ኪል -ኤስ ሀፕ አርሲስሎግ» ካሉት ይለቀዋል። ወደፊት ፋይሉን ከመደምሰስ ይልቅ «ትራንኬት -ኤስ 0» ያድርጉ። ሎግሮቴት (አሮጌ ሎጎችን በየጊዜው የሚያነሣው ፕሮግራም) ላይም ሜይል.ሎግን ከሌሎች ሎጎች ጋር ከሚጋራው ፋይል አውጥተው ለብቻው «ዴይሊ» እና «ሮቴት 30» ይስጡት፤ የፖስትሮቴቱን (ከሎጉ መነሣት በኋላ የሚሠራውን) ትእዛዝም አብረው ይገልብጡ። ከጋራው ዝርዝር ካላወጡት ሎግሮቴት ተደገመ ብሎ ይጮኻል። በ«ሎግሮቴት -ዲ» ምንም ሳይነኩ መሞከር ይቻላል።

ጥያቄ፦ አንድ ሰርቨር ብቻ ኢሜይላችንን አይቀበልም። ዲበግ (ዝርዝር ሎግ) ላብራ?

መልስ፦ ለሁሉም አያብሩ፣ ሎጉ ይጥለቀለቃል። «ዲበግ_ፒር_ሊስት» ላይ የዚያን ሰርቨር አይፒ ብቻ ይጻፉ፣ ፖስትፊክስን «ሪሎድ» ያድርጉ፤ ሲጨርሱ ያንሡት።