ግጥሙ አላሳመመዎትም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 23 ዓመቴ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ገጣሚ ስለ ድባቴዋና ሆስፒታል ስለገባችበት ጊዜ የጻፈችውን የግጥም መድብል አነበብኩ። እያንዳንዱ ገጽ ስለ እኔ የተጻፈ መሰለኝ፤ ሦስት ሌሊት ሳለቅስ አደርኩ። ከአራት ወር ወዲህ ምግብ አያሰኘኝም፣ የምወደው ነገር ሁሉ አስጠልቶኛል፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነቃና እስኪነጋ ዓይኔ ፈጥጦ ይቀራል። ተኝቶ አለመነሣትን የምትመኝበትን ግጥም ደጋግሜ አነበዋለሁ፤ የሚያሳርፈኝ እሱ ብቻ ነው። እናቴ «ያሳመመሽ ይሄ ግጥም ነው» ትላለች። አክስቴ ለእንቅልፍ ከምትወስደው አሚትሪፕቲሊን ሰጥታኝ ዘጠኝ ቀን ወሰድኩ፤ ለውጥ ስላላየሁ ተውኩት። ግጥም ሰውን ያሳምማል? መድብሉን ልጣለው?

መልስ፦ አይጣሉት። መልሱ ራስዎ በጻፉት ውስጥ አለ። መድብሉን ያነበቡት ባለፈው ሳምንት ነው፤ ምግብ ያስጠላዎት ግን ከአራት ወር በፊት ነው። ገና ያልተነበበ ግጥም ማንንም አያሳምምም። እናትዎ የፈረዱት ለቅሶውን አይተው ነው፤ ከለቅሶው በፊት የነበሩትን የዝምታ ወራት ሕመም ብለው አልቆጠሯቸውም። አይፈረድባቸውም። ዝም ያለ ልጅ «ጨዋ» ይባላል፣ ቤቱ የሚደነግጠው ሲያለቅስ ነው።

ማልቀስዎም በራሱ ምልክት አይደለም። ድባቴ ሲጠና እንባ የሚደርቅባቸው፣ ማልቀስ ፈልገው የሚያቅታቸው ብዙ ናቸው። ግጥሙ ስለ እርስዎ የተጻፈ የመሰለዎት ደግሞ ገጣሚዋ ውስጥዎን አይታ ሳይሆን ሕመሙ በብዙ ሰው ላይ ተመሳሳይ አረማመድ ስላለው ነው። ከመንጋቱ በፊት ያነቃል፣ ጠዋቱን ከማታው ያከብዳል፣ የምግብን ጣዕም ይወስዳል። በዓለም ላይ ከ300 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከድባቴ ጋር እንደሚኖሩ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። ሌላ ሰው የእርስዎን ሌሊት በትክክል ቢጽፈው አይግረምዎ።

አሁን ወዳልጠየቁኝ ጥያቄ ልምጣ። «እሷ ሆስፒታል ከገባች የእኔም መጨረሻ ያው ነው? አእምሮዬን እየሳትኩ ነው?» የሚል ፍርሃት ከደብዳቤው ሥር ይሰማኛል። አይደለም። ድባቴ ማበድ አይደለም፤ አብዛኛው ታማሚ በተመላላሽ ታክሞ፣ ቤቱ እያደረ፣ ሥራውን እየሠራ ይድናል። አልጋ ይዞ መታከም የሚያስፈልገው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ሰው መብላትና መጠጣት ሲያቆም፣ ወይም ሌላው የማይሰማው ድምፅ መስማት ሲጀምር ነው። ያኔም ቢሆን መግባት መውጣት አለው።

ሐኪም «ድባቴ» የሚለው ከዘጠኝ ምልክቶች ቢያንስ አምስቱ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ አብዛኛውን ቀን፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል ሲታዩ ነው። ከአምስቱ አንዱ የግድ የስሜት መውደቅ ወይም የፍላጎት መጥፋት መሆን አለበት። በደብዳቤዎ አራቱን ቆጥሬያለሁ፦ የፍላጎት መጥፋት፣ የምግብ፣ የእንቅልፍ፣ የሞት ሐሳብ። የቀሩትን አምስቱን (የስሜት መክበድ፣ ድካም፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ራስን ያለልክ መውቀስ፣ የሰውነት መንቀርፈፍ ወይም መቁነጥነጥ) የሚመረምርዎት ሰው ይጠይቅዎታል። በደብዳቤ ምርመራ አይደረግም፤ አራት ወር ግን መጠበቅ ከሚገባዎት በላይ ነው።

አራተኛውን ምልክት ዝም ብዬ አላልፈውም። ተኝቶ አለመነሣት የሚያሳርፍ ሐሳብ ሲሆንብን ከድካም ወደ ሞት ምኞት ተሻግረናል። ስለዚህ ፊት ለፊት እጠይቅዎታለሁ፦ ራስዎን ስለማጥፋት አስበው ያውቃሉ? እንዴት፣ መቼ፣ የት ብለው አስበዋል? ለዚያ የሚሆን ነገር አጠገብዎ አለ? ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስዎ «አዎ» ከሆነ ዛሬውኑ ለሚያምኑት ሰው ይንገሩና ነገ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። ለሁለተኛው ወይም ለሦስተኛው «አዎ» ካሉ ነገን አይጠብቁ፤ ከሰው ጋር ሆነው አሁን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፣ እስኪደርሱም ብቻዎን አይሁኑ።

ይህን በግልጽ መጻፌን የሚቃወሙ አንባቢዎች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። «እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? ያላሰበችውን ማሳሰብ አይሆንም?» ይላሉ። ይህ እምነት የማይነቀል ነው፤ በተማረውም ባልተማረውም ቤት አለ፣ ነጭ ካባ በለበሱ ሰዎች ውስጥ ሳይቀር አለ። ሐሰት ነው። በጉዳዩ ላይ የተሠሩ ጥናቶች መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይፈጥርና እንደማይጨምር ደጋግመው አሳይተዋል፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ጭንቀቱ ቀለል ሲል አይተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰውየው ሐሳቡን ለብቻው ተሸክሞት ከርሟል፤ ጥያቄው «ይህን ነገር መስማት የሚችል ሰው አለ» የሚል ወሬ ነው። የማይጠየቅ ሰው የሚማረው «ይህ የማይነገር ነው» የሚለውን ብቻ ነው።

እናትዎ ይህን እንዲያነቡ እፈልጋለሁ። አጠያየቁ እንዲህ ነው፦ ቴሌቪዥኑ ይዘጋ፣ ጎን ለጎን ይቀመጡ፣ «ከከፋሽ ጀምሮ መሞት ያሰኘሽ ጊዜ አለ?» ይበሉ። በቀጥታ። «መቼም አንቺ እንዲህ ያለ ነገር አታስቢም አይደል?» ብሎ መጠየቅ መልሱን አስቀድሞ በአፏ ማስገባት ነው፤ «አላስብም» ትላለች፣ ሁለታችሁም ሳትነጋገሩ ታድራላችሁ። «አዎ» ካለች አይጩኹ፣ «ኃጢአት ነው» አይበሉ፣ «ከአንቺ የባሰ ስንት አለ» አይበሉ። እነዚህ ቃላት የሚያስተምሯት በሚቀጥለው ጊዜ መደበቅን ነው። «ስለነገርሽኝ ጥሩ አደረግሽ፤ አብረን እንሄዳለን» ይበቃል። በቤት ውስጥ ያለውን ክኒን ሁሉ፣ የአያት የደም ግፊት መድኃኒት ሳይቀር፣ ቆልፈው ቁልፉን እርስዎ ይያዙ። ልጅዎ ለወራት ተረብሻ ከርማ ድንገት ያለምክንያት ሰላም ብትሆን፣ የምትወደውን ዕቃ ማደል ብትጀምር ወይም ስንብት የሚመስል መልእክት ብትልክ «ተሻላት» ብለው አይዘናጉ። ከሁሉም የሚያስደነግጠኝ ይህ ምልክት ነው።

አሁን ወደ እርስዎ፣ ወደ ጠያቂዬ፣ ልመለስ። ስለ ንባቡ ያለዎት ስጋት ግን ባዶ አይደለም። ሶሲዮሎጂስቱ ዴቪድ ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1974 ራስን የማጥፋት ዜና በጋዜጣ ፊት ገጽ ሲወጣ ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰዎች ቁጥር ከፍ እንደሚል አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የኦስትሪያ ጥናት ደግሞ በተቃራኒው ሰዎች ከዚያ ሐሳብ እንዴት እንደወጡ የሚናገሩ ጽሑፎች ቁጥሩ ዝቅ ከማለት ጋር እንደሚያያዙ አሳየ። ስለዚህ ጉዳዩ የሚነበበው ምንድን ነው፣ መቼ፣ ከማን ጋር የሚለው ነው። መድብሉን በቀን ያንብቡት፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አልጋ ውስጥ አይክፈቱት። ያንን አንዱን ግጥም ሐኪም እስኪያይዎት ድረስ ለሌላ ሰው ይስጡት። የቀሩትን ለምርመራው ይጠቀሙባቸው፦ «ይህ እኔ ነኝ» ያሉበትን መስመር በእርሳስ ያስምሩ፣ ከጎኑ ከመቼ ጀምሮና በሳምንት ስንት ቀን እንደሚሰማዎት ይጻፉ። ሐኪም ፊት ሲቀርብ «ራሴን ያመኛል፣ ይደክመኛል» ብቻ ብሎ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው፤ እርስዎ ቃሉን አግኝተዋል።

ወደ አክስትዎ ክኒን ልምጣ። ይህ ያናድደኛል፣ አልደብቀውም። አሚትሪፕቲሊን ከረሜላ አይደለም፤ ፀረ-ድባቴ መድኃኒት ነው፤ የልብን አመታት ይነካል፣ አፍ ያደርቃል፣ ሽንት ይይዛል፣ ያደነዝዛል። ለእንቅልፍ ወይም ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው መጠን፣ ብዙውን ጊዜ ማታ ማታ 10 ወይም 25 ሚሊግራም፣ ድባቴን ለማከም ከሚያስፈልገው በብዙ ያነሰ ነው። ያንንም ዘጠኝ ቀን ወስዶ «ለውጥ የለውም» ማለት ዘር ዘርቶ በሳምንቱ ማጭድ ይዞ እንደመውጣት ነው። ፀረ-ድባቴ መድኃኒት ሥራውን የሚጀምረው በ2 እና በ4 ሳምንት መካከል ነው፤ በትክክለኛው መጠን 6 ሳምንት ሳይሞላው ፍርድ አይሰጥም። ከ25 ዓመት በታች ላሉ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሞት ሐሳብ ሊጨምር ስለሚችል በቅርበት መከታተል ያስፈልጋል። እርስዎ 23 ነዎት። ማን ይከታተልዎት ነበር? አክስትዎ?

ሐኪሙ መድኃኒት ከመጻፉ በፊት «እንቅልፍ ሳያስፈልግዎ ለቀናት ጉልበት የሞላዎት፣ ገንዘብ የበተኑበት፣ ሐሳብ የሮጠብዎት ጊዜ ነበር?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል። ካልጠየቀ ራስዎ ያንሡት፤ ባይፖላር የሆነ ሰው (ስሜቱ በድባቴና ልክ ባለፈ ጉልበት መካከል የሚፈራረቅበት) ፀረ-ድባቴ ብቻ ሲሰጠው ወደ ሌላው ጫፍ ሊወረወር ይችላል። የደም ማነስና የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ምርመራም ይታዘዝልዎታል፤ አይጨነቁበት፣ የተለመደ ነው።

ቀላል ድባቴ ከሆነ የንግግር ሕክምና ብቻውን ሊበቃ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንዴ ከ8 እስከ 20 ቀጠሮ ነው። ከበድ ካለ ንግግሩና መድኃኒቱ አብረው ይሄዳሉ። ሰርትራሊን የተባለው ፀረ-ድባቴ መድኃኒት ቢታዘዝልዎ በመጀመሪያው ሳምንት ማቅለሽለሽና ራስ ምታት ሊመጣ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። ሲሻልዎት ግን ክኒኑን አያቋርጡ። ከዳኑ በኋላ ቢያንስ 6 ወር ይቀጥላል፣ ሲቆምም ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው። በአንድ ቀን የተቋረጠ እንደሆነ ማዞር፣ እረፍት ማጣት፣ ኤሌክትሪክ የነዘረ የሚመስል ስሜት ሊመጣ ይችላል፤ ሰውም «ሱስ ሆነብኝ» ብሎ ይሸሻል። ሱስ አይደለም፣ አወጣጡ ነው የተበላሸው።

በእጅዎ የቀረ የአክስትዎ ክኒን ካለ ዛሬ ማታ ይመልሱላቸው። መድብሉን ቦርሳዎ ውስጥ ያስገቡ፣ ነገ ወደ ሐኪም ሲሄዱም እናትዎ አብረዎት ይምጡ።