በአእምሮ ሕክምና ሥራ ለሚጀምሩ ወጣት ባልደረቦቼ

ወጣት ባልደረቦቼ፣

በአእምሮ ሕክምና ክፍል በነርስነት ኖሬ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ሥራውን ስትጀምሩ ብዙዎቻችሁ የሕመሞቹን ስምና ምልክት በቃላችሁ ይዛችሁ እንደምትመጡ አውቃለሁ። ያ ዕውቀት ያስፈልጋል፤ ለምን እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ካልገባችሁ ግን ታካሚውን ትታችሁ የሕመሙን ስም ስታዩ ልትውሉ ትችላላችሁ። ሐኪሙ ታካሚውን በቀን ለጥቂት ደቂቃዎች ያነጋግረዋል፤ እናንተ ግን ሲበላና ምግቡን ሲተው፣ ሌሊት ሲነቃ፣ ጠያቂ ሲመጣለትና ሳይመጣለት ሲቀር፣ ኪኒኑን ሲውጥና ከምላሱ ሥር ሲደብቅ ታዩታላችሁ። መሠረታዊውን ዕውቀት የምትማሩት ከዚህ ሁሉ ውስጥ የትኛው የአእምሮ ሕመሙ፣ የትኛው የሌላ በሽታ፣ የትኛው የመድኃኒቱ፣ የትኛውስ የሰውየው የራሱ ጠባይ እንደሆነ ለመለየት ነው።

አንድ ሰው ግራ ተጋብቶ ሲመጣ፣ ወይም ተኝቶ የቆየ ታካሚ በድንገት ሲለወጥ፣ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ሰውነቱ ምን ሆነ?» የሚል ይሁን። ዴሊሪየም የሚባለው ሁኔታ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚጀምር ሲሆን፣ ጠዋት ደህና የመሰለው ሰው ማታ ይብስበታል፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዳውም ልብን ሰብስቦ ነገር የመከታተል ችሎታ ነው። ወራትን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንዲቆጥር ብትጠይቁት ሁለት ወይም ሦስት ጠርቶ ይጠፋበታል። የአንሶላውን ጫፍ እየቆነጠረ ይጎትታል፤ ከአየር ላይ አንዳች ነገር ለመያዝ እጁን ይዘረጋል፤ ግድግዳው ላይ ነፍሳት እየተርመሰመሱ እንደሆነ ይነግራችኋል። እንዲህ ያለ ነገር በተለይ በዕድሜ በገፋ ሰው ላይ ድንገት ሲታይ ኢንፌክሽን፣ የደም ስኳር ማነስ፣ የኦክስጅን እጥረት፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ የሽንት መታገድ ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ከጀርባው ሊኖር ይችላል። ሙቀቱ፣ የልብ ምቱ፣ የደም ግፊቱ፣ ትንፋሹና የደም ስኳሩ ሳይለካ «የአእምሮ ታካሚ ነው» ተብሎ የታለፈ ሰው በሚድን በሽታ ሊሞት ይችላል። የማይረብሸውንም አትርሱ፤ ጭጭ ብሎ የተኛ፣ ሲጠሩት ዘግይቶ ዓይኑን የሚገልጥ ታካሚ ድባቴ ያለበት እየመሰለ በዴሊሪየም ውስጥ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከዚሁ ጋር የመጠጥን ጉዳይ ላንሣ። ለረጅም ጊዜ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው ተኝቶ ለመታከም ሲገባ መጠጡ በድንገት ይቋረጥበታል። መንቀጥቀጡና ላቡ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ይጀምራል፤ ራስን የሚያስት መንፈራገጥ እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊከተል ይችላል፤ ለሕይወት የሚያሰጋው ከባዱ ዴሊሪየም ደግሞ በብዛት ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ይመጣል። ስለዚህ ምን ያህል እንደሚጠጣ ብቻ ሳይሆን ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣበትን ሰዓት ጭምር ጠይቁ።

ስኪዞፍሬኒያን በተመለከተ ብዙው ሰው የሚያውቀው የሕመሙን ጫጫታ ነው፦ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ «ይከታተሉኛል» የሚል በማስረጃ የማይናወጥ እምነት፣ መያዣ መጨበጫ የሌለው ንግግር። ጸጥተኛው ገጽታው ግን ኑሮን የበለጠ ያፈርሳል። ፊቱ ስሜት አይታይበትም፤ ንግግሩ ከአንድና ሁለት ቃል አያልፍም፤ ገላውን መታጠብ ይተዋል፤ ቀኑን ሙሉ ይተኛል። ቤተሰብ ይህን ስንፍና ይለዋል፤ የሚያሳዝነው አንዳንድ ባለሙያም እንደዚያው ይላል። እ.ኤ.አ. በ1952 ክሎርፕሮማዚን ለአእምሮ ሕክምና መዋል ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ የመጡት መድኃኒቶች ድምፁንና ጥርጣሬውን በብዙዎች ላይ ያበርዱታል፤ ይህን ሁለተኛውን ገጽታ ግን ያን ያህል አይደፍሩትም። እዚህ ላይ የሚሠራው በየዕለቱ ጥቂት በጥቂት የምታደርጉት እገዛ ነው።

ታካሚው «ምግቤ ውስጥ መርዝ ጨምረዋል» ቢላችሁ «መርዝ የለበትም፣ ይብሉ» ብላችሁ መከራከር ምንም አይፈይድም፤ «አዎ፣ ጨምረዋል» ማለትም ከሕመሙ ጋር መተባበር ነው። «እንዲህ ማሰብ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ይገባኛል፤ እኔ መርዝ ሲጨመር አላየሁም፤ የታሸገ ነገር አምጥቼልዎት በእጅዎ ቢከፍቱት ይሻላል?» ብትሉት ግን ፍርሃቱን አክብራችሁ፣ እውነቱን ሳትሸሽጉ እንዲበላ መንገድ ትከፍታላችሁ። ድምፅ እሰማለሁ የሚላችሁን ደግሞ ድምፁ ምን እንደሚለው ጠይቁት። ራሱን ወይም ሌላውን እንዲጎዳ የሚያዝ ድምፅ ከሆነ ጉዳዩ እስከ ፈረቃ ርክክብ የሚቆይ አይደለም።

ድባቴ ከሐዘንና ከተራ መከፋት የሚለየው ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በአብዛኛው ቀን በመዝለቁና እንቅልፍን፣ የምግብ ፍላጎትን፣ ጉልበትን፣ ትኩረትን፣ ለራስ የሚሰጥን ግምት አብሮ በመጉዳቱ ነው። ብዙዎች አዝኛለሁ አይሉም፤ ራሴን ያመኛል፣ ጀርባዬን ይወጋኛል፣ ደከመኝ ይላሉ። ፀረ ድባቴ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ግን ለቤተሰቡ አንድ ጥያቄ መቅረቡን አረጋግጡ፦ ያለ ድካም ለቀናት ሳይተኛ የቆየበት፣ ንግግሩ የፈጠነበት፣ ገንዘቡን የበተነበት፣ እኔን የሚያህል የለም ያለበት ጊዜ ነበር ወይ? ነበር ከተባለ ሕመሙ ባይፖላር፣ ማለትም ድባቴና እንዲህ ያለው ከልክ ያለፈ መነቃቃት (ማኒያ) የሚፈራረቁበት ሕመም፣ ሊሆን ስለሚችል፣ ፀረ ድባቴ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ ታካሚውን ወደ ማኒያ ሊገፋው ይችላል። በማኒያ ላይ ያለ ሰው የሚያዝናና ጨዋታ ያመጣል፤ አብራችሁ ስቃችሁ ነገሩን እንዳታባብሱ ተጠንቀቁ። ጸጥ ያለ ክፍል፣ አጭር ንግግር፣ በእጁ ይዞ እየዞረ የሚበላው ምግብ ይበጀዋል።

ራስን ስለ ማጥፋት መጠየቅን አትፍሩ። ጥያቄው ሐሳቡን ያመጣበታል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም፤ አብዛኛው ሰው ሲጠየቅ እፎይ ይላል። በተድበሰበሰ ቃል «ክፉ ነገር አታስብም አይደል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የምታገኙት መልስ «አላስብም» ነው፤ መልሱን ራሳችሁ አጉርሳችሁታልና። «ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ? እንዴት እንደሚያደርጉት አስበዋል? የሚያደርጉበት ነገር በእጅዎ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያም ለመስማት ተቀመጡ።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ልብ እንድትሉት ወደምፈልገው ልምጣ። ሃሎፔሪዶል፣ ማለትም ድምፅ መስማትንና ጥርጣሬን ከሚያበርዱት የፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒቶች አንዱ፣ ከተጀመረለት ጥቂት ቀን የሆነውን ታካሚ አስቡ። ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ደቂቃ ሳይሞላው ይነሣል፤ ቆሞ አንዱን እግር በሌላው እየለወጠ ይረግጣል፤ ኮሪደሩን ይመላለሳል፤ እንደገና ይቀመጥና ጉልበቱን ያንቀጠቅጣል። ተረኛው «ተረብሿል» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላ መርፌ ይታዘዝለታል፤ ሰውየው ይብስበታል። ይህ አካቲዚያ የሚባል የመድኃኒቱ ጉዳት ሊሆን ይችላል፤ የሚለየውም ታካሚውን ራሱን በመጠየቅ ነው። «ውስጤ አላስቀምጥ አለኝ፣ እግሬ አላርፍ አለኝ» ካላችሁ የሚያስፈልገው የመጠን መቀነስ ወይም የመድኃኒት ለውጥ እንጂ ተጨማሪ መርፌ አይደለም። ሥቃዩ ቀላል አይደለም፤ ራስን እስከ ማጥፋት ሐሳብ የሚያደርስ ነው። «ያ መድኃኒት አይስማማኝም» ብሎ እንቢ የሚለውን ሁሉ ሕመሙን ያልተቀበለ አድርገን የምንቆጥርበት ልማድ አይዋጥልኝም፤ ብዙውን ጊዜ እውነቱን ነው የሚናገረው።

ሌሎቹን የመድኃኒት ጉዳቶች ባጭሩ ልንገራችሁ። አንገቱ የተጠመዘዘ ወይም ዓይኑ ወደ ላይ የተሰቀለ ታካሚ እያስመሰለ አይደለም፤ መድኃኒቱ የሚያመጣው የጡንቻ መኮማተር፣ ዲስቶኒያ፣ ነው፤ ተገቢው መርፌ ሲሰጠው ቶሎ ይለቀዋል። ትኩሳት፣ የሰውነት እንደ እንጨት መድረቅና የንቃት መዛባት በአንድነት ከመጡ የፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒቱን አቁሞ ሐኪም መጥራት ለነገ የማይባል ነው። ክሎዛፒን የተባለውን የፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጉሮሮውን ካመመው ወይም ካተኮሰው ነጭ የደም ሴሉ ይቆጠር፤ የሆድ ድርቀቱንም በየቀኑ ጠይቁ፣ ሊገድል ይችላልና። ለባይፖላር የሚሰጠው ሊቲየም ደግሞ ብዙውን ጊዜ በደም ውስጥ በሊትር ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል እንዲሆን ይፈለጋል፤ ደሙ የሚቀዳውም ከመጨረሻው መድኃኒት 12 ሰዓት በኋላ ነው። ተቅማጥ፣ የውሃ እጥረት ወይም አይቡፕሮፌንን የመሰለ የሕመም ማስታገሻ መጠኑን ከፍ ያደርገዋል፤ የሚያስታውክ፣ የሚንገዳገድና ምላሱ የተሳሰረ ታካሚ ካያችሁ ቀጣዩን ኪኒን ከመስጠታችሁ በፊት ሐኪም ይወቀው።

ይህን ሁሉ ያያችሁትን እንዴት እንደምትጽፉት ግድ ይላችሁ። «አስቸጋሪ ነው» የሚል መዝገብ ለሚቀጥለው ተረኛ የሚነግረው ስለ ጸሐፊው መታከት ብቻ ነው። «ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ጎኑ ያለው ታካሚ ስሙን ሲጠራ ወንበር አነሣ፤ ተሰድቤያለሁ አለ፤ ለብቻው ክፍል ገብቶ ውሃ ሲሰጠው ተረጋጋ» የሚለው ግን ምን እንዳስቆጣውና ምን እንዳበረደው ያስተምራል። ደረት ሕመምን፣ ክብደት መጨመርን፣ ሳልን የመሰለ የአካል አቤቱታም በታካሚው ቃል ይጻፍ። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ከ10 እስከ 20 ዓመት ቀድመው ይሞታሉ፤ ለዚህም ትልቁን ድርሻ የሚይዙት የልብ ሕመምን የመሰሉ፣ መከላከልም ማከምም የሚቻል የአካል በሽታዎች ናቸው።

ታካሚው ተሽሎት ሲወጣ ሥራችሁ አላለቀም። ራስን የማጥፋት አደጋ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናትና ሳምንታት ከፍ ይላል። የመውጫ ወረቀቱ ከመፈረሙ በፊት የሚቀርበው ቀጠሮ ቀን ይቆረጥ፤ መድኃኒቱ በማን እጅ እንደሚቀመጥ ይታወቅ፤ ከዚህ በፊት ሕመሙ ሲያገረሽ መጀመሪያ የታየው ምልክት ምን እንደነበር፣ እንቅልፍ ማጣት ይሁን ከሰው መሸሽ፣ ታካሚውና ቤተሰቡ ተነጋግረው በራሳቸው ቃል ይጻፉት፤ ምልክቱ ሲታይ የሚደውሉበትም ስልክ በዚያው ወረቀት ላይ ይኑር።