ለማጣሪያው ሁለት ሳምንት ሲቀር

የልጅዎ የ500 ሜትር የበረዶ ላይ ፍጥነት ሸርተቴ ሰዓት አልሻሻል ስላለ፣ ለአልበርታ (የካናዳ ክፍለ ግዛት) ቡድን ማጣሪያ በቀሩት ሁለት ሳምንታት የበረዶ ላይ ልምምዷን ትጨምር ወይ ብለው ጠይቀዋል። አትጨምር፤ ትቀንስ። የልምምዱን ብዛት ወደ ግማሽ ያውርዱት፣ ፍጥነቱን ግን አይንኩት። በሙሉ ኃይል የሚሠሩት አጫጭር ዙሮች ይቀጥሉ፤ በመካከላቸው በደንብ ትረፍ። የደከመ እግር ሰዓት አያሻሽልም።

የተረፈውን ጊዜ ለሁለት ነገር ያውሉት።

1. ለአነሳስ። ጥንድ ሆነው ከሚወዳደሩት ሁለቱ አንዷ ከመነሻው ተኩስ አስቀድማ ከተነሣች ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከተኩሱ አስቀድማ የምትነሣ ግን ማንኛዋም ብትሆን ከውድድሩ ትሰረዛለች። ተኩሱ እስኪሰማ ሳትነቃነቅ መቆየትን ትልመድ።

2. ለመጨረሻው መታጠፊያ። ሁለቱ ተወዳዳሪዎች መሃል ላይ መስመር ስለሚለዋወጡ፣ ከውጭው መስመር ከተነሣች ጠባቡን የውስጥ መታጠፊያ የምታገኘው ፍጥነቷ ጣሪያ በነካበት ሰዓት ነው። ወገቧን ዝቅ አድርጋ፣ ቀኝ እግሯን በግራው ላይ እያሻገረች ደጋግማ ትሥራው።

አንድ አደራ አለኝ፤ አዲስ የሸርተቴ ጫማ አሁን አይግዙላት። ልጃቸውን ለማበረታታት ብለው በማጣሪያው ዋዜማ የገዙ ወላጆች አይቻለሁ፤ ያልለመደችው ጫማ ቁርጭምጭሚቷን ልጦት ልጅቷ መታጠፊያው ላይ መደገፍ አቃታት። ከማጣሪያው በኋላ ይግዙላት።